ገበናና ጠያቂ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ጉዳያቸው አንድ ነው። ጓዳቸው ውስጥ ለየት ያለ ጨዋታ የሚወዱ ጥንዶች አሉ፤ መታሰር፣ ዓይን መሸፈን፣ ማዘዝና መታዘዝ፣ ወጣቶቹ «ኪንክ» የሚሉት ዓይነት። ነገሩን የሰማ ወይም የጠረጠረ ሰው መጥቶ ሲጠይቃቸው ምን ይበሉ? ስም፣ ሰፈርና መሥሪያ ቤት አስቀርተናል። የጻፉልን ሁሉ ዐዋቂዎች ናቸው፤ የሚያደርጉትንም ተስማምተው ነው የሚያደርጉት። አንዱ ሳይፈልግ የሚደረግ ነገር ጥቃት ስለሆነ የዚህ አምድ ጉዳይ አይደለም፤ ለፖሊስ ነው የሚነገረው።

ቡና ላይ ታሽሟጥጠኛለች

«ደብረ ብርሃን፣ አራት ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። ቡና በተራ እናፈላለን። ካገባሁ አራት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ አንዳንዴ እጄን በሻሽ አስሮ... ብቻ ይገባችኋል፤ ሁለታችንም ደስ ይለናል። ይህን ለአንዷ ጎረቤቴ አምኜ ነገርኳት። አሁን ሰው በተሰበሰበበት ‹ዛሬስ ፈትቶሽ መጣሽ?› ትለኛለች። ሌሎቹም ‹ምንድን ነው ነገሩ?› ማለት ጀምረዋል። ልካድ ወይስ እቅጩን ተናግሬ ልገላገል?»

መልስ፦ ሁለቱም አይበጁሽም። ብትክጂ ምስጢርሽን የያዘችው ሴት አጠገብሽ ተቀምጣለች፤ አንድ ቃል ጣል ካደረገች ውሸታም ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ማስረዳት ብትጀምሪ ደግሞ አቦል ላይ የተነሳው ወሬ በረካ ሳይፈላ ከግቢው ይወጣል።

በመጀመሪያ ለባለቤትሽ ንገሪው። የነገርሻት ነገር ግማሹ የእሱ ነው፤ ከሰው አፍ ከሚሰማው ካንቺ ይስማው። «ይኼን ይኼን ታውቃለች፣ ይኼን ግን አልነገርኳትም» ብለሽ ልክ ልኩን አስቀምጪለት። ቢቆጣ ለምን ተቆጣ አንልም፤ መቆጣቱ ተገቢ ነው። ቁጣው ሲበርድ ከእንግዲህ ለማን፣ ምን ያህል እንደሚነገር አብራችሁ ወስኑ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ «አይነገር» ካለ አይነገርም።

ከዚያ ወደ ጎረቤትሽ ሂጂ፤ ብቻዋን ስትሆን፣ በቀን፣ ንዴትሽ ካለፈ በኋላ። ወደ ገበያ አብራችሁ ስትሄዱ ቢሆን ይሻላል፤ ጎን ለጎን ሲራመዱ ፊት ለፊት እንደመፋጠጥ አይከብድም። የምትያት ይህን ብቻ ይሁን፦ «ያን ነገር የነገርኩሽ ላንቺ ብቻ ነው። ሰው ፊት ስታነሺው ያመኛል። ሁለተኛ እንዳታነሺው።» እዚያ ላይ አቁሚ። ነገሩ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ በሚጨመረው ነው። «አንቺም እኮ እንዲህ ያለ ነገር አለሽ» ካልሽ የምስጢር ጦርነት ተከፈተ። «እኔ እንኳ ብዙም አልወደውም፣ ለእሱ ብዬ ነው» ካልሽ ባልሽን ለወሬ ሰጠሽው። «ኧረ እየቀለድኩ ነው» ብትልሽ «አውቃለሁ፤ ቀልዱንም ተይው» በያት።

ቡና ላይ ብትደግመው አትሳቂ። ሰዎች ሲያፍሩ ይስቃሉ፤ ለቀላጁ ግን ሳቅሽ ፈቃድ ነው። ትንሽ ዝም በይና «እሱን ተይው» ብለሽ ሲኒሽን ለሁለተኛው ዙር አቀብዪ። ለሦስተኛ ጊዜ ካደረገችው ተነስተሽ ወደ ቤትሽ ግቢ። በሰምና ወርቅ ልትመልሺላት ያምርሽ ይሆናል፤ ተዪው። በዚህ አገር ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈልግ የሚያድር ሰው የለም፤ ጠያቂ ታበዢያለሽ።

«ምንድን ነው ነገሩ?» ለሚሉሽ ደግሞ መልሱን እንደ ሰዉ ለኪው። አንድ ጉዳይ ሦስት ደረጃ አለው፦ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩ፣ ለምን እንደምትወዱት፣ እንዴት እንደምታደርጉት። የመጀመሪያውን ለቅርብ ሰው ብትነግሪ ብዙ አይጎዳም። ሁለተኛውን ባልሽ ከፈቀደና ሰውዬዋ የምትታመን ከሆነች። ሦስተኛው ከሐኪም በቀር የማንም አይደለም፤ የሰው ጉጉት የሚሮጠው ግን በቀጥታ ወደ እሱ ነው፤ «ቆይ፣ በምንድን ነው የሚያስርሽ?» ይሉሻል። «እዚህ ድረስ ነው የምነግርሽ» በይ፤ የሚቀየም የለም፣ ቢቀየምም ያልፋል። ሰው የሚታመን መሆን አለመሆኑን መለየት ካቃተሽ አንድ ነገር አስታውሺ፤ የሌላ ሰው ገበና ላንቺ ነግራሽ ታውቃለች? ነግራሽ ካወቀች ያንቺም ለሌላው ይደርሳል። የቤት ኪራይሽን የምትቀበለው ሴትና የሥራ አለቃሽ ምንም ያህል ደግ ቢሆኑ ከዚህ ዝርዝር ውጪ ናቸው፤ ነገ ብትጣሉ የሚያስከፍሉሽ ይበዛል።

አከራይሽ ትልቅ ሴት ከሆኑና ከጠየቁሽ «እትዬ፣ የባልና ሚስት ጨዋታ ነው» ይበቃል። ትዳር ያዩ ሰው ናቸው፤ ስቀው ይተዉሻል።

አንጓዋ ላይ ምልክት አይተው

«ሸዋ ሮቢት ነው የምንኖረው። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፤ ሙሉ እጅጌ ለብሶ መዋል አይታሰብም። ባለቤቴ አስተማሪ ናት። አንጓዋ ላይ የገመድ ምልክት አይተው ባልደረቦቿ ‹ይመታሻል እንዴ?› አሏት። ‹ወድቄ ነው› ብላ መጣች። በዚያው ሰሞን ጤና ጣቢያ ሄደን ነርሷም ልብ አለችው። ምን ማለት ነበረብን?»

መልስ፦ ባልደረቦቿን አትቀየሟቸው፤ እንዲህ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ብዙ የለም። ስህተቱ «ወድቄ ነው» ማለቷ ላይ ነው። የምትደበደብ ሴት የምትሰጠው መልስ ይኸው ራሱ ስለሆነ ጥርጣሬውን ያጸናዋል። እንዲህ ትበላቸው፦ «አይ፣ አይመታኝም። ስለጠየቃችሁኝ ግን አመሰግናለሁ።» ተናጋሪዋ እሷ ትሁን። አንተ ትምህርት ቤት ድረስ ሄደህ ላስረዳ ካልክ ሚስቱን አስፈራርቶ የመጣ ሰው ነው የምትመስለው።

ጤና ጣቢያም እንደዚሁ። ነርሷ «አንዴ ውጪ ይጠብቁ» ካለችህ ሁለተኛ ሳትባል ውጣ። ሚስትህን ለብቻዋ መጠየቅ ሥራዋ ነው፤ በር ላይ የሚያንዣብብ ባል መልሱን ያበላሻል። ባለቤትህ ውስጥ ሆና፦ «ከባለቤቴ ጋር ተስማምተን ስንጫወት የታሰርኩበት ነው፤ ማንም አላስገደደኝም» ትበል። የመጣችው እጇ ደንዝዞባት ከሆነ በምን እንደታሰረች፣ ለስንት ደቂቃ እንደቆየች፣ መደንዘዙ መቼ እንደጀመረ ትጨምር፤ ለሕክምናው የሚያስፈልገው ይህ ነው። የሕክምና ባለሙያ የታካሚን ምስጢር እንዲጠብቅ የወንጀል ሕጉም ያስገድደዋል። ከዚህ ያለፈ ለወሬ የሚሆን ጥያቄ ከመጣ «ይህ ለሕክምናው ያስፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አሁን ወደ ምልክቱ ምንጭ እንሂድ፤ ምልክቱን መቀነስ ማስረዳትን ከመለማመድ ይቀላል። በምን እንደምታስራት አልጻፍክም። የአህያ ጭነት የሚታሰርበት የቃጫ ገመድ ከሆነ ዛሬውኑ ተወው፤ ጭረቱ ቆዳ ይልጣል። ገመድ ሁለት ዓይነት ምልክት ይተዋል። አንዱ ተጭኖ የሚተወው ስርጉድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ሌላው ገመዱ በፍጥነት ሲጎተት የሚያቃጥለው ነው፤ እሱ ቀናት ይቆያል፣ ላብ ሲነካውም ያንገበግባል። ባልደረቦቿ ያዩት ሁለተኛውን ሳይሆን አይቀርም።

ለአንጓ የሚሆነው ለስላሳ የጥጥ ገመድ ነው፤ ውፍረቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሜትር። አንድ ዙር ብቻ አትጠምጥም፤ ቀጭን መስመር ሁሉንም ጫና አንድ ቦታ ያሳርፋል። ሦስት አራት ዙር ጎን ለጎን ተኝቶ ሰፋ ይበል። ሰፊ የጥጥ መቀነት ካለ ከገመድም ይሻላል። የሚያንሸራትት ቀጭን ሻሽ ግን ለስላሳ ስለሆነ ብቻ አያታልላችሁ፤ በተጎተተ ቁጥር ቋጠሮው ይጠብቅና በጣት አይፈታም። በገመዱና በቆዳው መሐል ሁለት ጣት ይግባ። ቋጠሮው በአንጓ ውስጠኛ በኩል፣ ደም ስሩ በሚታይበት፣ አይረፍ። የታሰረ አንጓ ክብደት አይሸከም፤ ከላይ ማንጠልጠል የለም።

በየ5 ደቂቃው ጣትህን እንድትጨብጥ አድርጋት። ጭብጧ ከላላ ወይም «ጉንዳን ጉንዳን ይለኛል» ካለች «ትንሽ ቆዪ» የሚባል ነገር የለም፤ ያኔውኑ ይፈታል። ለጀማሪ 15 ደቂቃ በቂ ነው። እጅ ቀዝቅዞ እንደሆነ መንካትም ይረዳል፤ ይህ ግን ሸዋ ሮቢት ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ለሚያነቡን፣ እናንተ ዘንድ በኅዳር እጁ ያልቀዘቀዘ ሰው ስለሌለ በጭብጡ ተማመኑ። ከተፈታች በኋላ መዳፏን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ካቃታት ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። ጫፉ ደነዝ የሆነ የፋሻ መቀስ ከመድኃኒት ቤት ገዝተህ እጅህ ከሚደርስበት አኑር፤ ያንን ገመድ መቁረጥ መቻሉንም አስቀድመህ ሞክረው። የታሰረን ሰው ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ብቻውን ትቶ መውጣት የለም፤ መብራት ጠፍቶ ቆጣሪ ለማየትም ቢሆን። አንገት ላይ ምንም አይታሰር፣ አይታነቅም። በሰከንዶች ውስጥ ራስ ያስታል፤ ደኅና የሚባል አደራረግም የለውም።

ለምልክቱ ደግሞ በጥጥ ሸሚዝ እጅጌ ላይ ማሰር፣ ወይም ከእጅ ይልቅ ቁርጭምጭሚት መምረጥ ብዙ ያቃልላል። በማግስቱ ትምህርት የሌለበትንም ቀን ምረጡ። ዓርብ ጾም ነው የምትሉ ከሆነ ቅዳሜ አለላችሁ።

እህቴ ጠበል ካልወሰድኩሽ አለችኝ

«ስልኬን አንብባ ነው። ‹ይህ በሽታ ነው፤ ሸንኮራ ዮሐንስ እወስድሻለሁ› አለችኝ። እውነት በሽታ ነው? ከመሐል ሜዳ።»

መልስ፦ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ በዐዋቂዎች መካከል በስምምነት የሚደረገውን ይህን ዓይነት ምርጫ ከበሽታ ዝርዝር አውጥቶታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያም ምርጫውን ከሕመሙ ይለያል፤ ሕመም የሚባለው ሰውየውን ራሱን ሲያስጨንቅና ኑሮውን ሲያናጋ፣ ወይም ያልፈቀደ ሰው ሲጎዳበት ነው። እንቅልፍ ካጣሽበት ወይም መተው ፈልገሽ ካቃተሽ የሥነ አእምሮ ባለሙያ አማክሪ። ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ እኛ እዚያ አንገባም።

እህትሽን «ስላሰብሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሐኪም በሽታ አይለውም። ጠበል ስፈልግ አብረን እንሄዳለን» በያት። የስልክሽን መክፈቻ ቁጥርም ቀይሪ።

ጓደኛዬ ነግሮኝ መጠየቅ አማረኝ

«ደብረ ሲና ነኝ። የልብ ጓደኛዬ እሱና ሚስቱ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚወዱ ጠቆም አደረገልኝ። አልፈረድኩበትም፤ እንዲያውም ጉጉት አደረብኝ። ሳላስቀይመው እንዴት ልጠይቀው? ከባለቤቴ ጋር ብንሞክረውስ?»

መልስ፦ ከጠያቂ ወገን የመጣው ብቸኛ ደብዳቤ ያንተ ነው፤ ደስ ብሎናል። ከመጠየቅህ በፊት ፈቃድ ጠይቅ፦ «ያን ቀን ያነሳኸውን ነገር ልጠይቅህ እችላለሁ? ካልፈለግክ ተወው።» ሌላ ሰው በሌለበት፣ አረቄ ባልተቀዳበት ቦታ ይሁን። ስለ ነገሩ ጠይቅ እንጂ ስለ ሚስቱ አትጠይቅ። «እንዴት ነው የምትነጋገሩበት?» ጥሩ ጥያቄ ነው። «እሷ ምን ትላለች?» ግን ወደማይመለከትህ ጓዳ መግባት ነው። ፎቶ አሳየኝ አይባልም። እሷን ስታገኛት እንደምታውቅ የሚያሳይ ፈገግታ እንኳ አይኑርህ፤ መናገሩን ላታውቅ ትችላለች። የሰማኸውን ለባለቤትህ ከመንገርህ በፊትም አስፈቅደው።

መሞከሩን በተመለከተ፣ ወሬው በቀን ይነሳ። አልጋ ላይ ድንገት የተነሳ ሐሳብ «እሺ» ቢባልም ግማሹ ይሉኝታ ነው። ሁለታችሁም ለየብቻ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ «እፈልጋለሁ»፣ «ምናልባት»፣ «በፍጹም» ብላችሁ ከፍላችሁ። ከዚያ አስተያዩት። የአንዱ «በፍጹም» የሁለታችሁም ነው፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፣ አይለመንም። በእኛ ባህል ሴቷ «አንተ እንዳልክ» ብላ ባዶ ወረቀት ብትሰጥህ ፈቃድ አድርገህ አትውሰደው፤ ራሷ እስክትሞላው ይቆይ።

ማቆሚያ ቃል ምረጡ። «ተው»፣ «ይብቃህ» የሚሉት በጨዋታው ውስጥ ለይስሙላ ሊባሉ ስለሚችሉ አይሆኑም። ከነገሩ ጋር ምንም የማይገናኝ፣ ደንግጠውም የማይረሱት ቃል ይሁን፤ «በርኖስ» ለምሳሌ። በዚያ ሰዓት በርኖስ የሚል ሰው ለቀልድ እንዳላለው ግልጽ ነው። የትራፊክ መብራቱም ይሠራል፤ አረንጓዴ ቀጥል፣ ቢጫ ቀስ በል፣ ቀይ አቁም። አፍ የተሸፈነ እንደሆነ እጅ ላይ የቁልፍ ዘለላ ይያዝ፤ ሲጣል ሁሉም ነገር ይቆማል። ቃሉ ሲነገር መጀመሪያ ፍታ፣ ከዚያ ጠይቅ። ካለቀ በኋላ ውኃ፣ ጋቢና ትንሽ ዝምታ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ሰው በማግስቱ ያለምክንያት ሆድ ይብሰዋል፣ ያልፋል። የመጀመሪያው ቀን ዓይን በመሸፈን ብቻ ያብቃ፤ ገመዱ አይሸሽም።

ጓደኛህን «አሳዩን» እንዳትለው። ጥሩ ወዳጅነት የፈረሰው በዚህ ነው።

ፎቶውን እበትነዋለሁ ይለኛል

«ዓለም ከተማ ነው። ስልኬን ስክሪን ለማስቀየር ሰጥቼ ነበር። ከሳምንት በኋላ በማላውቀው የቴሌግራም ስም የእኔና የባለቤቴ ፎቶ ተላከልኝ፤ ብር ይጠይቀኛል።»

መልስ፦ አትክፈል። የከፈለ ሰው ሊከፍል እንደሚችል ነው ያሳየው፤ ጥያቄው ይመለሳል። መልእክቱንም አታጥፋ። የላኪው የተጠቃሚ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ ስክሪንሾት አንሳ፤ ብር ላክበት ያለህን የሒሳብ ወይም የስልክ ቁጥርም ያዝ፣ ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። ከዚያ ለባለቤትህ ንገራት፤ አስፈራሪው የሚተማመነው በመደበቅህ ነው። ሦስተኛ፣ ወደ ፖሊስ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር ሥርዓት ምስል አሰራጫለሁ ብሎ ማስፈራራትን ያስቀጣል። መርማሪው ስለ ፎቶው ይዘት ማብራሪያ ቢጠይቅህ «የግል ፎቶ ነው፣ የእኔና የባለቤቴ» በል፤ የተከሰስከው አንተ አይደለህም።

ለወደፊቱ ስልክ ለጥገና ሲሰጥ ሲምና ሚሞሪ ካርዱ ይወጣል። ለስክሪን መቀየር የመክፈቻ ቁጥር መስጠት ግድ አይደለም፤ ስክሪኑ ሲነካ መሥራቱን ስትረከብ ራስህ ከፍተህ ፈትሽ። ፎቶ የግድ ከሆነ ፊት አይግባ፤ ሰው የሚዘነጋው ግን ሌላውን ነው፦ የአንገት ማተብ፣ ንቅሳት፣ የመጋረጃው አበባ፣ ግድግዳው ላይ ያለው የሠርግ ፎቶ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ የተነሳበት ቦታ መረጃ ይወጣለታል፤ «ፋይል» ተብሎ ከተላከ ግን ከነመረጃው ይሄዳል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ስልክ ቁጥርህን ማንም እንዳያይ፣ በቁጥርህም የሚያገኙህ አንተ የመዘገብካቸው ብቻ እንዲሆኑ አድርግ። ሲክሬት ቻትን ብዙ አትታመነው፤ በሌላ ስልክ ስክሪኑን ማንሳትን የሚከለክል ነገር የለም።

አማቴ ሳጥኑን ከፈቱት

«ለክርስትና የመጡት እናቱ ጋቢ ሲፈልጉ ሳጥኑን ከፍተው የቆዳ ማሰሪያና የእጅ ካቴና አዩ። ምንም አላሉም፤ ግን አስተያየታቸው ተለወጠ። እኔ ነኝ መጀመሪያ የማነሳው?»

መልስ፦ አይ፣ ልጃቸው ያንሳው፤ የእናትና የልጅ ወሬ ነው። «እማዬ፣ ሳጥን ውስጥ ያየሽው የእኔና የባለቤቴ ዕቃ ነው። የከፋ ነገር የለውም፤ ማንም ማንንም አይበድልም።» ይህን ብሎ ወደ ክርስትናው ጉዳይ ይመለስ። ምናልባት ያስጨነቃቸው ልጄ ምራቴን ያሰቃያታል ወይ የሚለው ስለሆነ፣ በማግስቱ እንደወትሮሽ ስታጫውቺያቸው መልሱን ያገኙታል። «ምኑ ነው?» ካሉሽ «የልጅዎና የእኔ ጨዋታ ነው እማማ» በቂ ነው።

ዕቃው ቁልፍ ያለው የራሱ ሳጥን ይኑረው፤ ጋቢና አንሶላ ከሚቀመጥበት ጋር አይቀላቀል። ፍራሽ ሥር አይሆንም፤ ክረምት ሲያልፍ ፍራሹን ፀሐይ ላይ የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። ቆዳውን በፌስታል አትጠቅልዪው፤ በደጋው እርጥበት በሐምሌና በነሐሴ ይሻግታል። በደረቅ ጨርቅ ጠርገሽ በጥጥ ከረጢት አድርጊው። የካቴናው ቁልፍ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሳጥኑ ውስጥ፣ ሌላው ከአልጋው ራስጌ በሚስማር የተንጠለጠለ። ከርካሽ ካቴናዎች ብዙዎቹ ከተቆለፉ በኋላም ስለሚጠብቁ፣ እንዳይጠብቅ የሚይዝ መቆለፊያ የሌለው ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ማሰሪያው ይበቃችኋል።